የፓንታኒን መንገድ የሚያስጎበኘው የአንድ ቀን የብስክሌት ጉዞ፦ ዳገቱ ሙሉ፣ ታሪኩ ጎደሎ

ጣሊያን ውስጥ፣ ቼዜናቲኮ ላይ፣ የታዋቂውን ጣሊያናዊ ብስክሌት ተወዳዳሪ የማርኮ ፓንታኒን ሕይወት ተከትሎ ሰው የሚያስጎበኝ አንድ አነስተኛ ድርጅት አለ። ስሙን አልጠቅስም። የምወቅሰው ነገር የእሱ ብቻ ጥፋት ስላልሆነ ነው፤ ፓንታኒን ከሚወዱት ብዙዎቹ ታሪኩን የሚያወሩት እንደዚሁ ነው። ክፍያው ለአንድ ሰው 95 ዩሮ ሲሆን አስጎብኚ፣ ብስክሌት የሚጭን ሚኒባስ፣ የካርፔኛ ዳገትና ምሳ በውስጡ አሉ። የራሱን ብስክሌት ይዞ ላልመጣ ኪራዩ ተጨማሪ 40 ዩሮ ነው። እንደ እኔ ቦሎኛ የሚኖር ሰው በባቡር ሄዶ በዚያው ቀን መመለስ ይችላል። ሂዱ ነው የምለው፤ ግን የሚነገራችሁ ታሪክ ግማሹ መሆኑን አውቃችሁ ሂዱ።

እንጀራዬ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ነው። ሄማቶክሪት የሚባለው ቁጥር፣ ማለትም ከደማችን ውስጥ ቀይ የደም ሕዋስ በመቶኛ የሚይዘው ድርሻ፣ በየቀኑ ዓይኔ ሥር የሚያልፍ ነገር ነው። ከሥራ ስወጣ ደግሞ ብስክሌት ላይ ነኝ፤ ከብስክሌተኞች ሁሉ እንደ ፓንታኒ የምወደው የለም። ይህን ጉብኝት ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት በዚህ ምክንያት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የጠዋቱ ክፍል አጭርና ደስ የሚል ነው። መሰብሰቢያው ባቡር ጣቢያው ጋ ነው፤ በስሙ የተቋቋመው ሙዚየም ከጣቢያው አጠገብ ስለሆነ ወዲያው ይገባል። የጋለባቸው ብስክሌቶችና የለበሳቸው ማሊያዎች እዚያ ናቸው። ከዚያ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለውን የወደብ ቦይ ተከትሎ ትንሽ ዞር ዞር ይባላል። አስጎብኚያችን ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ፣ በወጣትነታቸው በአማተር ደረጃ ይወዳደሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፤ የሚያወሩት ከቃል ጥናት ሳይሆን ከልብ ነው። ፓንታኒ በጥር 13 ቀን 1970 ቼዜና ተወልዶ እዚህ ማደጉን፣ ቤተሰቡ ፒያዲና የሚባለውን የሮማኛ ቂጣ የሚሸጥበት ኪዮስክ እንደነበረው፣ ጆሮው ትልልቅ ስለነበረ መጀመሪያ ላይ «ትንሹ ዝሆን» ይባል እንደነበረ ነገሩን። ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ጨርቅ አስሮ፣ ጆሮ ጌጥ አድርጎ «የባሕር ወንበዴው» የተባለው በኋላ ነው። ቁመቱ 1.72 ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 57 ኪሎ ነበር።

ለ95 ዩሮው የሚገባው ግን ካርፔኛ ነው። ሚኒባሱ ዳገቱ ሥር ያወርዳችኋል። ወደ ቺፖ የሚወጣው መንገድ ርዝመቱ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም አማካይ ተዳፋቱ 10 በመቶ ገደማ ነው፤ ከዚያ የሚብሱ ቦታዎችም አሉት። ፓንታኒ ሲለማመድ ብዙ ታላላቅ ተራራ እንደማያስፈልገውና ካርፔኛ እንደሚበቃው የተናገረው ስለዚህ ዳገት ነው። ጫካው መንገዱን ከሁለት በኩል ይይዘዋል፤ ወደ ፊት አሻግሮ ማየት ስለማይቻል ምን ያህል እንደቀረ አይታወቅም። የመጨረሻው ማርሽ ላይ ሆኜም ፔዳሉ አልዞር ያለኝ ጊዜ ነበር።

አስጎብኚው እዚህ ላይ ያደረጉትን ብዙ ሰው አስቦት አያውቅም። ሁላችንንም ጥግ አስይዘው ፓንታኒ እንዴት ይወጣ እንደነበረ በራሳቸው ብስክሌት አሳዩን። ሌሎች ጋላቢዎች ዳገት ላይ መሪውን ከላይ ይይዛሉ፤ ደረት ተከፍቶ አየር እንዲገባ። እሱ ግን ከኮርቻው ተነስቶ፣ እጆቹን ወደ ታችኛው የመሪ ጥምዝ አውርዶ፣ ሩጫ የሚጨርስ ሰው መስሎ ነበር የሚወጣው። ሞክሩት አሉን፤ ሞከርን። ትንሽ እንደሄድኩ ወገቤም ትንፋሼም እምቢ አለኝ፤ እጄን ወደ ላይ መለስኩ። ያ ሰው በዚህ አቀማመጥ ተራራ ሙሉ ይሄድ ነበር! በቴሌቪዥን ስንት ጊዜ ያየሁትን ነገር በገዛ አካሌ የተረዳሁት ያኔ ነው። ተራራ ላይ ለምን እንዲህ እንደሚፈጥን ሲጠየቅ ስቃዩን ለማሳጠር መሆኑን መመለሱም ትርጉም የሰጠኝ እዚሁ ነው።

ታሪኩን የሚነግሩን በየማረፊያው ከፋፍለው ነው። በ1994 የጣሊያን ዙር በሆነው በጂሮ ዲ ኢታሊያ ላይ ገና ወጣት ሳለ የሞርቲሮሎን ተራራ ወጥቶ አፕሪካ ላይ ማሸነፉን፣ ታላቁን ኢንዱራይንን ከኋላው አስቀምጦ ከቤርዚን ቀጥሎ ሁለተኛ መውጣቱን ነገሩን። ቀጥሎ የ1998ቱን ቱር ደ ፍራንስ፣ መድረሻው ሌ ዱ ዛልፕ የነበረውን ቀን። ዝናብና ብርድ ነበር፤ ፓንታኒ ጋሊቢዬ ተራራ ላይ ብቻውን አመለጠ፤ የመሪነቱን ቢጫ ማሊያ ለብሶ የነበረው ያን ኡልሪች ወደ 9 ደቂቃ በሚጠጋ ልዩነት ተከትሎ ገባ። ከ1965ቱ ከፌሊቼ ጂሞንዲ ወዲህ ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጣሊያናዊ ሆነ። በዚያው ዓመት ጂሮውንም ወስዶ ስለነበር ሁለቱን በአንድ ዓመት መጠቅለሉ ነው፤ ይህን የደገመ እስከ 2024ቱ ታዴይ ፖጋቻር ድረስ አልተገኘም። የ1999ኙን ጂሮ የኦሮፓ ዳገት ሲያወሩ ደግሞ አስጎብኚው ራሳቸው ተነስተው ቆሙ። ዳገቱ መጀመሪያ ላይ ሰንሰለቱ ወጣበት፤ ወርዶ አስገባ፤ ከዚያ ቀድመውት የሄዱትን 49 ጋላቢዎች አንድ በአንድ እያለፈ አሸነፈ። መስመሩን ሲያልፍ እጁን እንኳ አላነሳም። ከፊቱ ያለው ሰው ማለቁን ያወቀ አይመስልም ነበር።

ምሳው ጥሩ ነው፤ ብዙ የሚባልለት ነገር ግን የለም።

ከምሳ በኋላ ወደ ውድቀቱ ይገባሉ። እዚህ ላይ ነው የማልስማማው። ሰኔ 5 ቀን 1999፣ ማዶና ዲ ካምፒልዮ። ፓንታኒ ከአምስት ደቂቃ ተኩል በላይ እየመራ፣ የቀሩት ሁለት ቀናት ብቻ ሆነው፣ ጠዋት በተወሰደ ደም ሄማቶክሪቱ 52 ሆኖ ተገኘ። የተፈቀደው ጣሪያ 50 ነበር። ከውድድሩ ወጣ፤ ጂሮውን ኢቫን ጎቲ ወሰደው። በዚያው ቀን መሪነቱ የደረሰው ሳቮልዴሊ የመሪውን ሮዝ ማሊያ አልለብስም ብሎ ነበር። አስጎብኚው ይህን ሁሉ በትክክል ነገሩን። ቀጥለው ግን በዚያው ቀን ኢሞላ ላይ በራሱ ፈቃድ ያስመረመረው ደም 48 ማለቱን እንደ ማስረጃ አነሱና፣ ሰውየውን ሸጡት፣ አለቀ አሉ። ቁማርተኞች፣ ማፊያ፣ የተቀያየረ ደም ነው ታሪኩ።

እኔም ጠየቅኳቸው፤ ታላቅ ሰው ስለሆኑ በአክብሮት። «ይቅርታ፣ የ1995ቱንስ ለምን አይነግሩንም?» አልኳቸው። በጥቅምት 1995 ሚላን-ቶሪኖ ውድድር ላይ መንገዱ ውስጥ ከገባ መኪና ጋር ተጋጭቶ እግሩ ተሰብሮ ቶሪኖ ሆስፒታል ሲገባ፣ ሄማቶክሪቱ 60.1 ነበር። ይህ ቁጥር እንዴት ያለ ቁጥር እንደሆነ ለማስረዳት ሥራዬ ይጠቅመኛል። የጤነኛ ወንድ ቁጥር በአብዛኛው በ40ዎቹ ውስጥ ነው። አጥንቱ ተሰብሮ ደም የፈሰሰው ሰው ቁጥሩ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ውሃ መጠማት ጥቂት ነጥብ ሊጨምር ይችላል፤ እስከ 60 ግን አያደርስም። 60 ላይ ያለ ደም እንደ ማር ይወፍራል፤ ልብ ሊገፋው ይቸገራል፤ ሌሊት ተኝቶ የልብ ምቱ ዝቅ ሲል የመርጋት አደጋ አለ። በ1990ዎቹ ደምን እንዲህ ያደርግ የነበረው መድኃኒት ኢፒኦ ነው። ለኩላሊት ሕሙማን የተሠራ፣ መቅኔን ቀይ የደም ሕዋስ አምርት ብሎ የሚያዝ ሆርሞን ነው። በሽንት የሚለይበት መንገድ በዚያ ዘመን ስላልነበረ ነው ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በ1997 የ50ን ጣሪያ ያወጣው። ጣሪያው ራሱ የጤና ጥንቃቄ ተብሎ የተቀመጠ እንጂ የጥፋተኝነት ፍርድ አልነበረም፤ ያለፈ ሰው ሁለት ሳምንት አርፎ መመለስ ይችል ነበር። የ52ና የ48 ልዩነትም ምሥጢር አይደለም። ከአልጋ መነሳት፣ ውሃ መጠጣት፣ የሰዓታት መራራቅና የመሣሪያ ለውጥ ተደምረው ያን ያህል ሊያመጡ ይችላሉ። እኔ በየሳምንቱ የማየው ነገር ነው።

ሌላም አለ። በዚያው በ1998ቱ ቱር ተወስዶ የተቀመጠ ሽንት በኋላ ሲመረመር ኢፒኦ ከተገኘባቸው መካከል ፓንታኒ እንዳለበት የፈረንሳይ ሴኔት በሐምሌ 2013 ባወጣው ሪፖርት ተገልጿል። ኡልሪችም አለበት። የ60.1ዱን ጉዳይ ይዞ የፎርሊ ፍርድ ቤት በ2000 የሦስት ወር የገደብ እስራት ፈርዶበት ነበር፤ ድርጊቱ በተፈጸመበት ጊዜ ሕጉ ወንጀል አይለውም በሚል በይግባኝ ተሰረዘ። ይህ ሁሉ የሕዝብ መዝገብ ላይ ያለ ነገር ነው። ጉብኝቱ ውስጥ ግን አንዱም የለም።

አስጎብኚው አልተቆጡም። «ልጄ፣ እዚህ የሚመጡት ሰዎች ይህን ለመስማት አይመጡም» አሉኝ። ሐቀኛ መልስ ነው፤ ግን አልተቀበልኩትም። ኢፒኦ እጁን ወደ ታች አውርዶ ስድስት ኪሎ ሜትር ቆሞ መጋለብን አያስተምርም። ያን ልጅ ከዳገት ጋር ያገናኘው መርፌ አልነበረም። በዚያ ዘመን ከፊት የነበሩት ብዙዎቹ ይወስዱ ነበር፤ ሐኪሞችም፣ ቡድኖችም፣ አስተዳዳሪዎችም ያውቁ ነበር ወይም ማወቅ አይፈልጉም ነበር። ፓንታኒን ንጹሕ ብቻ አድርጎ ማውራት እነዚህን ሁሉ ነፃ ያወጣል። ጥፋቱ ካምፒልዮ ላይ ደም ለወሰደው ሰው ወይም ስም ለሌለው ቁማርተኛ ይተርፋል። በአንድ ጠዋት ከአምላክነት ወደ ወንበዴነት ያወረዱት ጋዜጦችም አብረው ይረሳሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አስጎብኚው በጣም ጥንቁቅ ሆነው ነው የተናገሩት፤ ይህን አደንቃለሁ። በ2000 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የሞን ቫንቱንና የኩርሽቬልን የተራራ ቀናት አሸነፈ፤ ኩርሽቬል የመጨረሻ ድሉ ሆነ። በ2001 ጂሮ ላይ የኢንሱሊን መርፌ ክፍሉ ውስጥ ተገኘ ተብሎ ተቀጣ። በ2003 ጂሮውን 14ኛ ሆኖ ጨረሰና በዚያው ሰኔ በድብርትና በሱስ ምክንያት ክሊኒክ ገባ። የካቲት 14 ቀን 2004 ሪሚኒ ውስጥ፣ ብቻውን ከተከራየው ክፍል፣ ሞቶ ተገኘ፤ ዕድሜው 34 ነበር። ምክንያቱ ኮኬይን መሆኑ ተረጋገጠ። ምርመራው በ2014 እንደገና ቢከፈትም በግድያ የተከሰሰ ሰው ሳይኖር ተዘጋ። ሚኒባሱ ሪሚኒ አይሄድም፤ የሞተበትን ቦታ ለፎቶ አያቆሙም። አንዳንድ ተጓዦች ጠይቀው ነበር፤ አስጎብኚው እንቢ አሉ። ለድርጅቱ ያለኝ አክብሮት የጨመረው በዚህ ነው።

ለድርጅቱ በኢሜይል የላክሁት ሐሳብ ይህ ነው፦ ከምሳ በኋላ ባለው ንግግር ላይ የቶሪኖውን ቁጥር ጨምሩ፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ዳገቱን በብስክሌት የወጣ ሰው ይህን መስማት አያቅተውም። እስካሁን መልስ አላገኘሁም።

ለመሄድ ላሰባችሁ፦ የሚከራዩት ብስክሌቶች ደህና ናቸው፤ ፍሬናቸው በቁልቁለቱ አላሳሰበኝም። ማርሾቹ ግን ለጠንካራ ጋላቢ የተሠሩ ናቸው፤ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ለዳገት የሚሆን ቀላል ማርሽ ይኑረው በሉ፤ ያለበለዚያ መሃል ላይ ወርዳችሁ ትገፋላችሁ። ኤሌክትሪክ ብስክሌትም አላቸው፤ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ገለጻው በጣሊያንኛ ብቻ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ስለሚከብድ ግንቦት ወይም መስከረም ይሻላል፤ ጫፉ ላይ ነፋስ ስላለ ለቁልቁለቱ ጃኬት ያዙ። ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል እሰጣለሁ። ያን አሥር ደቂቃ የጨመሩ ዕለት አምስት ይሆናል።