በአንድ በጀት የቱን ልግዛ? ኮሚክ፣ ማንጋ ወይስ የወንጀል ልቦለድ

ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «የወንጀል ታሪክ ማንበብ አምሮኛል፤ ያለኝ ገንዘብ ግን ትንሽ ነው። ኮሚክ ልግዛ፣ ማንጋ ልጀምር ወይስ ልቦለድ ይሻለኛል?» ኮሚክ በሥዕል የሚተረክ ታሪክ ነው፤ ማንጋ ደግሞ የጃፓን ኮሚክ ነው። መልሴን ከፊት ላስቀምጠው፦ ልቦለዱን ግዙ። ሥዕል ካማራችሁ ደግሞ ታሪኩ ያለቀ፣ በወፍራም ቅጽ የታተመ ማንጋ ፈልጉ። በየወሩ የሚወጣውን ቀጭን ኮሚክ ግን ገንዘብ የተረፈው ሰው ይግዛው።

ሒሳቡን እንሥራው። አሜሪካ የሚታተም አንድ ወርሃዊ ኮሚክ ሽፋኑ ላይ ብዙ ጊዜ 3.99 ወይም 4.99 ዶላር ተጽፎበታል። ታሪኩ ከ20 እስከ 22 ገጽ ነው። አንዱ ገጽ ወደ 20 ሳንቲም ይጠጋል ማለት ነው። በእንግሊዝኛ የሚታተም ማንጋ አንዱ ቅጽ 11 ወይም 12 ዶላር ነው፤ ወደ 190 ገጽ ይኖረዋል። ይሄ በገጽ 6 ሳንቲም ገደማ ነው። ሰፋ ባለ መጠን የታተመ፣ ለስላሳ ሽፋን ያለው አዲስ ልቦለድ 18 ዶላር ነው እንበል፤ 300 ገጽ ካለው እሱም በገጽ 6 ሳንቲም ይመጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ታዲያ ማንጋና ልቦለድ እኩል ናቸው» ብሎ ያቆማል። ልዩነቱ የሚወጣው ግን በሰዓት ሲቆጠር ነው። ወርሃዊውን ኮሚክ በሩብ ሰዓት ትጨርሱታላችሁ። ማንጋው አንድ ሰዓት ቢወስድ ነው። 300 ገጽ ልቦለድ ግን ሰባት ሰዓት አካባቢ ይዞ ይቆያል። ስለዚህ አንድ ሰዓት ንባብ በኮሚክ ከ16 እስከ 20 ዶላር፣ በማንጋ 11 ወይም 12 ዶላር፣ በልቦለድ ከ3 ዶላር በታች ይወድቃል። ያገለገለ ልቦለድ ካገኛችሁ ደግሞ ከዚህም ይወርዳል።

ሰሞኑን ያነበብኩት ልቦለድ «ሮሴአና» ነው። ማይ ሸቫልና ፔር ቫሉ የተባሉ ስዊድናውያን ጥንዶች እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተሙት ነው። ከአንድ ቦይ ውስጥ የሴት አስከሬን ይወጣል። ማን እንደሆነች የሚያውቅ የለም። መርማሪው ማርቲን ቤክ አይሮጥም፣ ሽጉጥ አይመዝም። ደብዳቤ ይልካል፣ መልስ ይጠብቃል። ወራት ያልፋሉ። ሴትዮዋ በነበረችበት ጀልባ ላይ የተሳፈሩ ቱሪስቶች ያነሱትን ፎቶና ፊልም ፖሊሶቹ አንድ በአንድ ያሰባስባሉ። ከዚያ ፊልሙ ይሽከረከራል። እስከዚያ ሰዓት ድረስ እንደ አስከሬን ብቻ የሚያውቋት ሴት በሕይወት ሳለች ትታያቸዋለች። መጽሐፉን እዚያ ጋ ዘግቼ ቆየሁ። ፖሊሶቹ የተሰማቸው ነገር በቀጥታ አልተጻፈም፤ እኔ ግን ተሰምቶኛል። ይሄን የሚያህል ትዕግሥት ለአንባቢ የሚሰጥ ሥዕል እስካሁን አላየሁም።

ደግሞ ተከታታዩ አሥር መጽሐፍ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ተጠናቋል። እያንዳንዱ መጽሐፍ የራሱ ወንጀል፣ የራሱ መጨረሻ አለው። አንዱን ብቻ ገዝታችሁ ብታቆሙ ምንም አይጎድልባችሁም። ረጅም ማንጋ ላይ ብዙ ጊዜ ይሄ ነፃነት የለም።

ከማንጋ የናኦኪ ኡራሳዋን «ሞንስተር» ነው ያነበብኩት። ጀርመን የሚሠራ ጃፓናዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም አለ፤ ኬንዞ ቴንማ ይባላል። አለቆቹ ከንቲባውን አድን ሲሉት ቀድሞ የመጣውን ሕፃን ያድናል። ልጁ አድጎ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል። አጀማመሩ እንቅልፍ ይነሳል። ኡራሳዋ አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ሽማግሌ እንኳ ሲስል ፊቱ ላይ ሙሉ ዕድሜ ያስቀምጣል። መሃሉ ግን ይንዛዛል። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2001 በመጽሔት እየተቆራረጠ የወጣ ሥራ ስለሆነ መንገድ ላይ የሚገቡ የጎን ታሪኮች በዝተውበታል።

ዋጋውን ተመልከቱ። መጀመሪያ የወጣው በ18 ቅጽ ነው። ሁለቱን ቅጽ አንድ እያደረገ የታተመው ወፍራሙ እትም 9 ቅጽ ነው። አንዱ በ20 ዶላር ቢታሰብ 180 ዶላር ነው። በ18 ዶላር ሒሳብ አሥሩ የማርቲን ቤክ ልቦለዶች በሙሉ እዚያው 180 ዶላር ላይ ይመጣሉ። ማንጋው 20 ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ልቦለዶቹ ግን 70 ሰዓት ገደማ ናቸው። ያም ሆኖ የምትገዙት ማንጋ ከሆነ እንደ «ሞንስተር» ያለቀ ይሁን። «ዲቴክቲቭ ኮናን» እ.ኤ.አ. በ1994 ጀምሮ ከ100 ቅጽ አልፏል፤ ገና አላለቀም። መቶውን በ11 ዶላር ብትገዙት 1,100 ዶላር ነው። ሌላም ችግር አለ፤ ረጅም ተከታታይ ላይ አሳታሚው አንዱን የመሃል ቅጽ ማተም ሲያቆም የዚያ ቅጽ ዋጋ አይቀመስም። ለምሳሌ ዘጠነኛው ቅጽ የጠፋበት ስብስብ በርካሽ ሲሸጥ ካያችሁ ዘጠነኛውን ሳታገኙ አትግዙ።

ከኮሚክ ያለማመንታት ግዙ የምለው «ዋችመን»ን ነው። የደራሲው አለን ሙርና የሠዓሊው ዴቭ ጊበንስ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 በ12 ነጠላ እትም ወጣ፤ አሁን በአንድ ጥራዝ ይገኛል። አሥራ ሁለቱን ነጠላ እትሞች በዛሬው የወርሃዊ ኮሚክ ዋጋ ብናሰላቸው 60 ዶላር ይጠጋሉ። ጥራዙ የዚያን ግማሽ እንኳ አይደርስም። በአንድ ግድያ ምርመራ ይጀምርና ወደ ሌላ ነገር ያድጋል። ይሄኛው ደግሞ ቶሎ አያልቅም፤ እያንዳንዱ ፍሬም (ገጹ ላይ በመስመር የታጠረ አንድ ሥዕል) ውስጥ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነገር፣ መሬት የወደቀ ጋዜጣ አለ። አምስተኛው ምዕራፍ እንደ መስታወት ነው የተሠራው፤ የመጀመሪያው ገጽ ከመጨረሻው ጋር፣ ሁለተኛው ከመጨረሻው በፊት ካለው ጋር ይመሳሰላል። መሃሉ ላይ ሁለት ገጾች ፊት ለፊት ይገናኛሉ።

ያለፈቃድ ስለሚታተሙ ቅጂዎች ማውራት ያለብኝም ለዚህ ነው። ከአንድ ሻጭ በግማሽ ዋጋ የደረሰኝ «ዋችመን» ኦሪጅናል አልነበረም። እነዚያ ሁለት ገጾች ሙጫው ውስጥ ሰምጠው ነበር። ለማየት መጽሐፉን በኃይል ስከፍተው ጀርባው ተሰነጠቀ። ቀለሙም ተበላሽቷል፤ ቢጫው አረንጓዴ፣ ደሙ ቡናማ ሆኗል። ልቦለድ በመጥፎ ወረቀት ቢታተም ቃሉ ያው ቃል ነው። ሥዕል ግን ሲበላሽ የገዛችሁት ነገር ራሱ ነው የጠፋው።

የማንጋ ቅጂ ደግሞ ይብሳል። ማንጋ ላይ ግራጫ ሆኖ የሚታየው ጥላ ብዙ ጊዜ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሠራ ነው። ገጹ ስካን ተደርጎ እንደገና ሲታተም ነጠብጣቦቹ ይጋጫሉ፤ ፊትና ሰማይ ላይ ያልነበረ መስመር ይወጣል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሌሊት የሚታይበትን ገጽ ክፈቱ። ጥላው ለስላሳ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ማዕበል የመሰለ መስመር ካያችሁ ፌክ መሆኑን ጠርጥሩ። ቀጥሎ ጠርዙን እዩ። ከውጭ በኩል ያለው ንግግር ፊደሉ ከተቆረጠ መልሱት። ከቀኝ ወደ ግራ መነበብ ያለበት ገጽ ተገልብጦ እንደሆነም አረጋግጡ። ድሮ በእንግሊዝኛ የሚታተሙ ማንጋዎች ብዙዎቹ ሆን ተብለው ይገለበጡ ነበር። ያኔ በቀኝ እጁ የሚተኩሰው ሰው ግራኝ ይሆናል፤ የወንጀል ታሪክ ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ልቦለድም ከዚህ ነፃ አይደለም። የሼርሎክ ሆምስ ታሪኮች የቅጂ መብት በአሜሪካ ሙሉ በሙሉ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። አሁን ማንም ያትማቸዋል፤ ማንም ሲያትም ደግሞ የሚያርም አይኖርም። አንድ ርካሽ እትም ውስጥ ስለሚደንሱት ትንንሽ ሰዎች የሚናገረውን ታሪክ አነበብኩ። ታሪኩ የተሠራው በምስጢር ጽሑፍ ነው፤ እያንዳንዱ የሚደንስ ሰው አንድ ፊደል ነው። ሆምስ «ይሄን ተመልከት» ይላል፣ ከሥሩ ባዶ ነው። ሥዕሎቹን ጨርሶ አላስገቧቸውም። ምስጢሩን አብሮ መፍታት ቀርቶ ሆምስ ስለምን እንደሚያወራ እንኳ አይገባም። እንዲህ ያለ የቆየ መጽሐፍ ስትገዙ አሳታሚው ማን እንደሆነ የተጻፈበትን ገጽ እዩ። ስምም ዓመትም ከሌለው ይቅርባችሁ።

ጥገናው ላይም ልቦለድ ይበልጣል። ጀርባው ተላቆ ገጽ ከወደቀ ነጭ የወረቀት ማጣበቂያ ተጠቀሙ፤ ሲደርቅም ይታጠፋል። ብረትና ፕላስቲክ የሚያጣብቀውን ፈጣን ሙጫ አታስጠጉት፤ ደርቆ ድንጋይ ይሆንና በሚቀጥለው ጊዜ ስትከፍቱት ወረቀቱን ይዞ ይሰበራል። ፕላስተርም አትለጥፉ፤ ዓመታት ሲያልፉ ቢጫ ሆኖ ፊደሉን ይበላል። ማጣበቂያውን በቀጭኑ ቀብታችሁ፣ እንዳይጣበቅ በግራና በቀኝ ዘይትማ ወረቀት አድርጋችሁ፣ ከባድ ነገር ጭናችሁ አሳድሩት። ልቦለድ ሰፊ ኅዳግ ስላለው ማጣበቂያው ትንሽ ቢገባበት ፊደል አይነካም። ማንጋ ግን ሥዕሉ እስከ ጀርባው ድረስ ስለሚዘልቅ በተጠገነ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይበላል። በሚያብረቀርቅ ወረቀት የታተመ ኮሚክ ውሃ ከነካው አለቀለት፤ ገጾቹ ተጣብቀው ይደርቃሉ፣ ሲላቀቁ ቀለሙ ይላጣል። የነጠላ እትሙ የብረት ስፌትም እርጥበት ባለበት ቦታ ይዝጋል።

ያገለገለ የወንጀል ልቦለድ ስትገዙ የወረቀቱ መቢጨት አያስጨንቃችሁ፤ ርካሽ ወረቀት ከጊዜ በኋላ ይቢጫል፣ ንባቡን አይጎዳም። የሻገተ ከሸተተ ግን ሌሎቹንም መጻሕፍት ስለሚያበላሽ ተዉት። ከሁሉ በፊት የመጨረሻዎቹን ገጾች ሳታነቡ ቁጥራቸውን ብቻ ቁጠሩ። ሙጫው ሲደክም ቶሎ የሚወድቁት የዳር ገጾች ናቸው፤ የገዳዩ ስምም ብዙ ጊዜ ያለው እዚያው ነው።