ከአዲስ አበባ ሐረር በአገር አቋራጭ አውቶቡስ፤ ወላጅ ለያዘ ሰው ከ10 ስንት ያገኛል?

የአውቶቡስ ድርጅቶች ማስታወቂያ ስለሚለጠጥ ወንበር፣ ስለ ቴሌቪዥን፣ መንገድ ላይ ስለሚታደል ውሃና ኬክ ያወራል። ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናት ወይም ሽንት መቋጠር የሚቸግራቸውን አባት ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን ይህ ሁሉ ትርፍ ነገር ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ የት የት ይቆማል፣ የቆመበት ቦታ ሽንት ቤትስ ምን ይመስላል? በዚህ ሚዛን የሐረር መስመር ለወንበር ከ10 ሰባት፣ ለሰዓት አክባሪነት ስድስት፣ ለመጸዳጃ ሦስት ያገኛል። ሦስቷም በልመና ናት።

መንገዱ ወደ 525 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። «ደረጃ አንድ» የሚባሉት አውቶቡሶች ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ይነሳሉ፤ ኬላው ካልበዛና መንገዱ ሰላም ከሆነ ጉዞው ከ9 እስከ 11 ሰዓታት ይፈጃል። በወግ የሚቆሙት ሁለቴ ነው፣ ለቁርስና ለምሳ።

ችግሩ ግን አዲስ አበባን ሳይለቁ ይጀምራል። መነሻው ቦታ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ መድረስ ያስፈልጋል፤ በዚያ ሰዓት ታክሲ ስለማይገኝ በራይድ ነው የሚኬደው፣ ሒሳቡን ከትኬቱ ጋር ደምሩት። መነሻው ላይ ሽንት ቤት ብዙ ጊዜ የለም። አውቶቡሱ ከወጣ በኋላ ደግሞ ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ ያለው 85 ኪሎ ሜትር ያህል ፈጣን መንገድ ስለሆነ ዳር ይዞ መቆም ክልክል ነው። ስለዚህ ቤታቸው ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ሽንት ቤት የገቡ እናት ቀጣዩን የሚያገኙት አዳማ አልፎ ነው፤ ከአራት ሰዓት ያህል ቆይታ በኋላ። የደም ግፊት መድኃኒታቸው ሽንት የሚያበዛው ዓይነት ከሆነ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ላሲክስ፣ ጠዋት ተነስተው እንደ ልማዳቸው ውጠውት ከወጡ ያ አራት ሰዓት መከራ ነው። የመዋጫ ሰዓቱን ለዚያ ቀን ማሸጋሸግ ይቻል እንደሆነ ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ጠይቁ። በራሳችሁ ግን አታስቀሩባቸው።

እናቶች ለዚህ ጣጣ የራሳቸው መላ አላቸው፤ ከማታ ጀምሮ ውሃ አይቀምሱም። «አልጠማኝም» ይሏችኋል። አትመኑ። ከወለንጪቲ በኋላ መንገዱ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ መተሐራና አዋሽ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ያሉ ሞቃት ቦታዎች ናቸው፣ መኪናው ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ ይብሳል። ኤሲ ያለው አውቶቡስ እንኳ ሁልጊዜ አይከፍተውም። መስኮት ከከፈታችሁ ከኋላ «ዝጉት፣ ብርድ ሊመታን ነው!» የሚል አይጠፋም፤ 35 ዲግሪም ቢሆን። ውሃ ያልጠጣ፣ የግፊት መድኃኒት የወሰደ አዛውንት ምሳ ላይ ድንገት ብድግ ሲል ዓይኑን ያጨልመዋል፤ ከአውቶቡስ ደረጃ ላይ የሚወድቁት እንዲህ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ሁለት ጉንጭ እየጠጡ እንዲሄዱ አድርጉ፣ ከመነሳታቸው በፊትም ጥቂት ቁጭ ብለው እግራቸውን ያንቀሳቅሱ።

ተጨማሪ ማቆሚያ የሚለመነው ከመነሳቱ በፊት ነው። ሽንት ከመጣ በኋላ ረዳቱን ብትጠይቁት መልሱ የታወቀ ነው፤ «ማዘር ትንሽ ይታገሡ፣ አሁን ደረስን።» ያ «አሁን» 40 ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል። ሻንጣ ሲጫን ሹፌሩን ራሱን አግኙና «እናቴ ስኳር አለባቸው፣ መተሐራ ማደያ ላይ አምስት ደቂቃ ቁምልን» በሉት። ሹፌሮች ለሽማግሌ እምቢ የሚሉት ከስንት አንዴ ነው። ማደያም ከምግብ ቤት ይሻላል፤ ወረፋው አጭር ነው፣ ወለሉም ሜዳ ነው።

የምግብ ቤቱን ሽንት ቤት በቅርብ እንየው። አውቶቡሱ ቆሞ «20 ደቂቃ!» ይባላል። ወደ 45 ሰው ባንዴ ይወርዳል። መጸዳጃው በማዕድ ቤቱ በኩል አልፎ ከጓሮ ነው፤ ሁለት በር፣ አንዱ ተቆልፏል። መግቢያው ላይ አንድ ከፍ ያለ እርከን አለ፣ ወለሉ እርጥብ ነው፣ ቁጢጥ ብለው የሚጠቀሙበት ነው፣ ግድግዳው ላይ የሚያዝ ነገር የለም። ጉልበቱ ያበጠ ሰው ቁጢጥ ይላል እንበል፤ መነሳቱስ? ስለዚህ አንድ ሰው አብሮ መግባት አለበት፤ ወንድ ልጅ እናቱን ይዞ ከሆነ ከተሳፋሪ ሴቶች አንዷን አስቀድሞ መለመን ነው። ሶፍት፣ ውሃ የሞላ ሃይላንድና የስልክ መብራት በእጅ ይሁን። ነጠላውን ወገባቸው ላይ አስሩላቸው። ጫማው ደግሞ ሶሉ የማያንሸራትት ይሁን፤ ለክብር ተብሎ የሚደረገው አዲሱ ጫማ ሻንጣ ውስጥ ይቆይ።

ለዚህ መስመር ከሚያዙት ዕቃዎች ሁሉ ከምንም በላይ የሚጠቅመው አንዲት የፕላስቲክ በርጩማ ናት። የአውቶቡሱ የመጀመሪያ ደረጃ ከመሬት ከፍ ያለ ስለሆነ በርጩማዋ ጊዜያዊ እርከን ትሆናለች። አጠር ያሉ እናቶች እግራቸው ወለል አይደርስም፤ ተንጠልጥሎ ሲውል ቁርጭምጭሚታቸው ያብጣል፣ በርጩማዋ እግር ማሳረፊያ ትሆናለች። ኬላ ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ ሲፈተሽ መቀመጫ ትሆናለች። አንድ ጉድለት ብቻ አላት፤ ረዳቱ ካያት ትርፍ ሰው ሊያስቀምጥባት ይጠይቃችኋል።

ወንበር ሲመረጥ የኋላው ይቅር፤ መንገዱ በተሰባበረበት ሁሉ የሚያነጥረው የኋላ ጎማ ላይና ከዚያ ወዲያ ያለው ነው፣ ሞተሩም ብዙ ጊዜ እዚያው ስለሆነ ይሞቃል። ከፊት ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ረድፍ ይሻላል፤ ሲቆም ቀድሞ መውረድና ወረፋውን መቅደም ይቻላል። የሚያመው ቀኝ ጉልበት ከሆነ በሹፌሩ በኩል፣ ከመተላለፊያው ጠርዝ ያለውን ወንበር ያዙ፤ ቀኝ እግር ወደ መተላለፊያው ይዘረጋል። ግራ ከሆነ በበሩ በኩል። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታጋድል ከመተሐራ ወዲያ የምትመታው ቀኝ መስኮቱን ነው፤ በግራ የተቀመጠ ጥላ ያገኛል። ወንበር ቁጥር የሚያስመርጡት ድርጅቶች ላይ ይህን ለማግኘት ትኬቱን ከሦስት አራት ቀን በፊት መቁረጥ ይበቃል። ለቁልቢ ንግሥ ግን አይበቃም። መታወቂያቸው ጊዜው እንዳላለፈበትም እዩ፤ ኬላ ላይ ፈታሽ ለሽበት ቢራራም ለካርዱ ቀን ላይራራ ይችላል።

ምሳ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አዋሽ አካባቢ ጥብስ ጠግቦ የተሳፈረ፣ ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ ወደ አሰበ ተፈሪ ሽቅብ ሲጠማዘዝ ፌስታል ይጠይቃል። ከዚያ ጀምሮ በሂርናና በጨለንቆ እስከ ቁልቢ የጨርጨር ደጋ ነው፤ መጠምዘዣው ማለቂያ የለውም። ቁርስ ላይ ደህና አድርገው ይብሉ፣ ምሳ ላይ ትንሽ። ጾም ከሆነ ዕድሉ ይጠብባል፤ ቶሎ የሚደርሰው ሽሮ ነው፣ እሱም 20 ደቂቃው ሲያልቅ ነው የሚመጣው። በሶ ወይም የተቀቀለ ድንች ከቤት መያዝ ያዋጣል። ለማስመለስ ሎሚ ማሽተት አይጎዳም። የማስመለስ መከላከያ ኪኒን ግን ለአባቶች ከመስጠታችሁ በፊት ፋርማሲስት ጠይቁ፤ የተለመዱት ዓይነቶች ያስተኛሉ፣ ፕሮስቴቱ ላበጠ ሰው ደግሞ ሽንት ጭራሽ ሊዘጉ ይችላሉ። ኢንሱሊን ያለው ሰው ታች ከሻንጣ ጋር እንዳይጭነው፤ ከ30 ዲግሪ በላይ ይበላሻል። በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በእጅ ቦርሳ ይጓዝ። ጋቢውም ከላይ ይቀመጥ፤ ቆላ ላይ የተጣለው ቁልቢ ሲደረስ ይፈለጋል።

አባዱላው? ይፈጥናል፣ ግን ሲሞላ ነው የሚነሳው፤ መተላለፊያው ላይ ታጣፊ ወንበር ስላለ አንድ ሰው ሊወርድ ሦስት ሰው ይነሳል። በክብር የሚሰጣቸው ጋቢና ደግሞ ሞተሩ ከሥሩ ስለሆነ ቆላ ላይ ምጣድ ነው። ከ10 ሦስት።

ባቡሩ ለወላጅ ከሁሉ ይሻላል፣ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሰው የሚያመላልሰው የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ውስጡ መጸዳጃ አለው፣ ተነስቶ መንሸራሸር ይቻላል፣ መጠምዘዣ የለም። አልጋ ከያዛችሁ የታችኛውን ጠይቁ፤ የላይኛው መሰላል ነው። ነገር ግን ሐረር አይደርስም፤ የሚያወርዳችሁ ድሬዳዋ ነው፣ ከዚያ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ይቀራል። የአዲስ አበባው የለቡ ጣቢያም የድሬዳዋውም ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ የባጃጅና የራይድ ሒሳብ ይጨመራል። የመንገደኛ ባቡር በየቀኑ የማይነሳ በመሆኑም ቀናችሁን በእሱ ነው የምታስተካክሉት። ይህ ሁሉ ተቆጥሮም ከ10 ሰባት እሰጠዋለሁ። በአውሮፕላን እስከ ድሬዳዋ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ዊልቸር ትኬት ሲቆረጥ ከተነገረ በነፃ ይቀርባል። ከውጭ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጣ ዲያስፖራ የአገር ውስጥ በረራ ቅናሽ ስላለው፣ በአውቶቡስ ሄዶ በአውሮፕላን መመለስን አስልቶ ማየት ይችላል።

ሐረር ከገቡ በኋላ ያለው ፈተና አልጋ ነው። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ጀጎል ውስጥ ያሉት የሐረሪ ባህላዊ ቤቶች እንግዳ ያሳድራሉ፤ ያምራሉ፣ ግድግዳው ሙሉ ስፌትና ሳህን ነው። ሳሎኑ ግን ነደባ በሚባሉ ከፍና ዝቅ ባሉ መደቦች የተሠራ ነው፤ መቀመጥም መነሳትም በጉልበት ነው፣ መጸዳጃውም ብዙ ጊዜ ግቢ ውስጥ ነው። አንድ ከሰዓት ለቡና ግቡ፣ አዳሩ ከቅጥሩ ውጭ ይሁን። ሆቴል ስትደውሉ «ውሃ አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ «አለ» ነው የሚሏችሁ። «ሮቶ አላችሁ? ሞተር ይገፋዋል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሐረር ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ ነው። ሽንት ቤቱ የመቀመጫ መሆኑን፣ ክፍሉ ምድር ላይ መሆኑን አረጋግጡ። «ደብል» ማለት አንድ ሰፊ አልጋ ነው፤ እናቱን የያዘ ልጅ «ትዊን» ማለት አለበት፣ አለዚያ ሌሊቱን ወንበር ላይ ያድራል።

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቁልቢ ስለት ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ከላይ ያለው ሁሉ በእጥፍ ይቆጠር። ቁልቢ ራሷ ላይ አልጋ ማግኘት ዘበት ነው፤ ድሬዳዋ ወይም ሐረር አድሮ በጠዋት መውጣት ይሻላል፣ የመኪናው ሰልፍ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ርቆ ስለሚቆም ቀሪውን በእግር ዳገት መውጣት አለ። ስለቱ ቀን ካልቆረጠበት ከንግሡ በኋላ ባለው ሳምንት መሄድ ለጉልበታቸውም ለኪሳችሁም ይበጃል።

የመመለሻውን ትኬት ሐረር በገባችሁበት ቀን ቁረጡ፤ ነገ ስትሉ የሚተርፈው የኋላው ወንበር ነው።