የፊቱን ጥርስ ማሳነስ ወይስ የኋላውን ማሳደግ?

የቆየ ትራያል ሞተር (ድንጋይና መሰናክል ላይ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሞተርሳይክል) ድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ሁለት አማራጭ አለ፤ ካቴናው የሚዞርበትን የፊቱን ወይም የኋላውን ባለጥርስ ክብ፣ በአጭሩ ጥርሱን፣ መቀየር። የፊቱን የጥርስ ብዛት ከ11 ወደ 10 ማውረድ ጎማው ላይ የሚደርሰውን ጉልበት 10 በመቶ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ግን ይቀንሳል። የኋላው 42 ከሆነ፣ ለተመሳሳይ ውጤት ወደ 46 መውጣት አለበት። ካቴናውም መርዘም ይኖርበታል።

የኋላው ቡሎኖች በቀላሉ ይፈታሉ። ትልቅ ሲሆን ግን ወደ ድንጋዩ ይቀርባል፤ ለትራያል ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

የፊቱ ፈተና የዛገው ዳዶ ነው። መጀመሪያ ዳዶው እንዳይፈታ የታጠፈበትን የሮንዴላ ጆሮ አቃኑ። ካቴናውን ሳታወልቁ የኋላ ፍሬን አስይዛችሁ ዳዶውን ፍቱት። ስትመልሱ ሮንዴላው አዲስ ይሁን። ትንሽ ጥርስ ላይ ካቴና አጥብቆ ስለሚታጠፍ ቶሎ ይበላል። ቢሆንም እኔ ከፊቱ እጀምራለሁ።