የደሴ ጠገራ ብር፦ ከመግዛትዎ በፊት ጠርዙን ይዩ

በደሴ የብር ጌጥ ሱቆች ከሚሸጠው ሁሉ ገዢን ቶሎ የሚያሳስተው ጠገራ ብር ነው። «1780 ተጽፎበታል፣ ጥንታዊ ነው» ሲባሉ ዋጋ አይጨምሩ። ምስሏ ያለበት የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በዚያው ዓመት (እ.ኤ.አ.) ሞታለች፤ ቪየና፣ ሮም፣ ለንደንና ቦምቤይ ግን ከዚያ በኋላ ያንኑ ዓመት እየጻፉ አትመውታል። ስለዚህ የሚከፈለው ለብሩ ክብደትና ለምስሉ ጥራት ነው።

ትክክለኛው 28.07 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ማግኔት ብቻውን አያጣራም፤ መዳብም እርሳስም አይሳቡለትምና። አስተማማኙ ውኃ ነው። የወርቅ ሠሪ ሚዛን ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጠው ዜሮ ያድርጉ፤ ጠገራውን በቀጭን ክር አንጠልጥለው ታቹንም ጎኑንም ሳያስነኩ ያጥልቁት። ሚዛኑ 2.75 አካባቢ ካለ ደህና ነው፤ ከ3 ካለፈ ቀላል ብረት ገብቶበታል። የአየር አረፋ ከተለጠፈበት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፣ ክሩን ነቅነቅ አድርገው ያራግፉት። ማንጠልጠያ የተበየደበት ከሆነ ክብደቱን ውኃ ውስጥ ላገኙት ቁጥር ያካፍሉ፤ 10.2 አካባቢ ይምጣ።

ምስሉ ደግሞ ራሱ ምስክር ነው። ንግሥቲቱ ሻሽ የለበሰችው መበለት ስለሆነች ነው፤ ባሏ በ1765 ሞቷል። የሻሹ እጥፋትና የትከሻዋ ጌጥ ዕንቁዎች አንድ በአንድ ተለይተው መታየት አለባቸው፤ ቀልጦ በቅርጽ በፈሰሰ ቅጂ ላይ ተዋህደው ይደበዝዛሉ። ከጀርባው ባለሁለት ራስ ንስር አለ። ከሁሉ የምንወደው ጠርዙን ነው፦ «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ»፣ ማለት በፍትሕና በምሕረት፣ ጎልቶ ተቀርጾበታል። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ወይም ዙሪያውን የቅርጽ መገጣጠሚያ መስመር ካለው ሳይከራከሩ ይመልሱት።

በሎሚና በአሸዋ ተፈትጎ የሚያብረቀርቀውን አንመክርም፤ ዕንቁዎቹ ተልጠው ሄደዋል። ጠቆር ያለው ይሻላል። ለአንገት ከሆነ ማንጠልጠያ ከተበየደበት ይልቅ በክፈፍ የታቀፈውን ይምረጡ፤ የብየዳው እሳት ጽሑፉን ያቀልጣል። ጊዜ ካለዎት ሰኞ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ገበያ ወርደው ያወዳድሩ፣ ሚዛኑን ግን ይዘው ይሂዱ።