አሳው ይጣፍጣል፣ አለቃው ይመራል

ስሙን አልጽፍም፤ ገና እንጀራዬን የምበላበት ቤት ነው። ባሕር ዳር ነው፣ ሐይቁ ዳር ነው፣ ግቢው ውስጥ ዋርካ አለ። እንዲህ ያለ ቤት ብትፈልጉ ከአንድ በላይ ታገኛላችሁ፣ የትኛው ነው ብላችሁ አትድከሙ። ሌላው ሰው አንድ ቀን በልቶ ይወጣና አስተያየት ይጽፋል። እኔ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ ትሪ ተሸክሜ የተመላለስኩበትን ቤት ነው የምገመግመው። የርዕሱን ሰምና ወርቅ እናንተው ፍቱት።

ከአሳው ልጀምር፣ እሱ ላይ ክርክር የለም። ቤቱ ሳይከፈት በጠዋት አሳ አጥማጆቹ ያመጡታል፤ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ አንዳንዴም ነጭ አሳ። ሙሉ ጥብስ ስታዙ የሚመጣላችሁ ቆሮሶ ነው። ወጥ ቤቱን የያዘችው እትዬ (ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንላት) ቅርፊቱን ገፍፋ፣ ሆዱን አጽድታ፣ ግራና ቀኙን በቢላ ትተለትለዋለች። ጨውና ሎሚ ታሸውና ትንሽ ትተወዋለች። ዘይቱ መድረሱን የምታውቀው ቁንጥር ዱቄት ጣል አድርጋ ነው። ዱቄቱ ካልጮኸ አሳው አይገባም፣ ደንበኛው ቢጮህም። ሲወጣ ጭራው እንደ ቆሎ ይቆረጠማል፣ ጎኑ ደግሞ በተተለተለበት በኩል በጣት ብቻ ይላቀቃል። ከጭራው ጀምሩ፤ ከቀዘቀዘ ይልፈሰፈሳል። አዋዜ ላይ ቤቱ እጁ ይሰስታል፣ ሳታፍሩ ጨምሩልኝ በሉ።

ጉላሽ ወይም ዱለት ከሆነ የምታዙት፣ የምን አሳ እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ አምባዛ ነው። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ በዚህ የተነሳ የማይበላው ሰው አለ። እኔ ሳልጠየቅም እናገራለሁ። አለቃዬ ደግሞ «ካልጠየቁሽ ምን አስለፈለፈሽ?» ይለኛል። የኔና የሱ ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ግን ቆይ፣ ቦታውን ልጨርስ።

ቦታው እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ረፋድ ላይ ሐይቁ እንደ ትሪ ዝርግ ይላል። ከዘጌ በኩል እንጨት የጫነች የደንገል ታንኳ ስትመጣ ከሩቅ ሰውየው ውኃ ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ፔሊካኖቹ እትዬ የምትጥለውን ሆድቃ እየጠበቁ ዳር ላይ ይሰለፋሉ፣ ከደንበኛ ይልቅ እነሱ ናቸው ሰዓት አክባሪ። እንግዳ የሆነ ሰው የሐይቁን ጥልቀት ይጠይቀኛል። ይሄን የሚያህል ሐይቅ፣ የአገሪቱ ትልቁ፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ከ15 ሜትር አይበልጥም ስለው ይስቅብኛል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ የጠረጴዛ ልብሱን በሲጋራ መተርኮሻ እየያዝኩ እሮጣለሁ። ይሄን ሥራ እወደዋለሁ። እግሬ ቢያብጥም እወደዋለሁ።

አሁን ወደ አለቃዬ። ጋሼ ነው የምንለው።

አንድ እሁድ ከምሳ ሰዓት በኋላ አንድ ቤተሰብ መጣ፤ አያት፣ ልጆች፣ የልጅ ልጆች። አያትየዋ ዓይናቸው ደክሟል። «እታለም፣ እሾሁን ልቀሚልኝ» አሉኝ። ቁጭ ብዬ እየለቀምኩላቸው ሳለ ጋሼ ከካሸር ማዶ ጮኸ። «አንቺ! ለዚህ ነው የምከፍልሽ? ሰባት ጠረጴዛ ይጠብቃል!» ግቢው ዝም አለ። አያትየዋ «ተው ልጄ፣ እኔ ነኝ ያዘዝኳት» ቢሉት ለሳቸው ፈገግ አለና ጓዳ ስገባ ቀጠለበት። እጄ ላይ የአሳ ዘይት፣ ፊቴ ላይ እሳት። የዚያን ቀን ጥሩ ቲፕ አገኘሁ፣ ግን እንዴት ብዬ ደስ ይበለኝ።

እሱ ብቻ ቢሆን ይረሳል። ብርጭቆ ሲሰበር ከደሞዝ ይቆርጣል። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ የፍሪጅ ቁልፍ የት ነው ብሎ ይደውላል፣ ቁልፉ እሱ ኪስ ውስጥ ይገኛል። በዓመት ስንት አስተናጋጅ ገብቶ እንደወጣ መቁጠር ትቻለሁ። እናንተም የምትጎዱት እዚህ ላይ ነው። «ምግቡ አሪፍ ነው፣ መስተንግዶው ግን ይዘገያል» የምትሉት ልክ ነው። የሚዘገየው ያዘዛችሁት ልጅ ሥራ ከጀመረ ገና ሳምንቱ ስለሆነ ነው።

ደግሞ ክፉ ሰው ነው ብዬ እንዳልገላገል፣ አይደለም። ቱሪስት ጠፍቶ ወንበሩ አቧራ በጠጣበት ጊዜ አንድም ሰው አላባረረም። እናቴ የታመመች ጊዜ ለምን ሳይል የሁለት ወር ደሞዝ አስቀድሞ ሰጠኝ። ሰው ሲበዛ እጅጌውን ሰብስቦ ሰሃን ያጥባል፣ እያጠበም ይሳደባል። እንደዚህ ዓይነቱን ሰው መተው ነው የሚከብደው።

አንዲት ጓደኛዬ መሀል ከተማ ሆቴል ውስጥ ቦታ አለ ብላኛለች። ደሞዙ ይሻላል፣ አለቃዋም ሰው ላይ አትጮህም አሉ። ሄጄ አየሁት። አዳራሹ መስኮት የለውም፣ ቡፌ ነው፣ አሳው ከፍሪዘር ነው የሚወጣው። እናቴ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ትላለች። እትዬ ደግሞ ምንም አትልም፣ አሳዋን ነው የምትገለብጠው።

ዓርብ ዓርብ የአሳ ዱለት የሚበላ ጠበቃ ደንበኛ አለን። ቀኝ እጁ በዱለት ስለተያዘ በግራው እየቆጠረ አስረዳኝ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011፣ በፈቃዴ ስለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብኝ። ከወጣሁ በኋላ ቀሪ ክፍያዬ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ይከፈለኛል፣ የሥራ ልምድ ማስረጃም ይሰጠኛል። ብርጭቆውን ስጠይቀው ሳቀ። እንዲሁ በቃል ተነስቶ መቁረጥ የለም፤ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም እኔ የፈረምኩት ስምምነት ያስፈልጋል አለኝ። «ተናደሽ በአፍሽ ለቅቄያለሁ ብለሽ እንዳትወጪ፣ ጻፊው» አለ። ከዚያ «አዋዜ ጨምሪልኝ» አለኝ።

ከመጻፌ በፊት ግን ጋሼን አናገርኩት። ጠዋት ነው፣ ቤቱ አልተከፈተም፣ ቡና ቀርቦለታል። «ጋሼ፣ ሳጠፋ ጓዳ ጠርተው ይቆጡኝ። ደንበኛ ፊት ግን አይጩሁብኝ» አልኩት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ሲኒውን ይዞ ሐይቁን ሲያይ ቆየ። «የምጮኸው ስለምትችይ ነው» አለኝና ተነሳ።

ከዚያ ወዲህ አልጮኸብኝም። ሁለት ሳምንት ሙሉ። ደስ ብሎኝ ልቀመጥ ነው ብዬ ለእናቴ ሁሉ ነግሬያት ነበር። ቅዳሜ ዕለት አዲሱ ልጅ ሎሚ ረስቶ ሲወጣ ያው ድምፅ ከካሸር ማዶ መጣ። «አንተ!» ልጁ ገና 18 ዓመቱ ነው። ከነትሪው ደንግጦ ቆመ። እኔም ትሪ ይዤ ቆምኩ፣ ምንም አልተናገርኩም። እኔ ዝም ያልኩት ነገር ነው ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ፣ ከሱ ጩኸት ይልቅ።

እና ወስኛለሁ። ሁዳዴ መጥቷል፣ አሳ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም፣ ቤቱ ግን ይሞላል። እትዬን በዚህ ሰዓት ጥዬ አልሄድም። ማመልከቻውን በደብረ ዘይት ሰሞን አስገባለሁ፣ 30 ቀኑ ፋሲካ ላይ ያልቃል።

ለአሳው ከ5 5፣ ለቦታው 5፣ ለመስተንግዶው 3 ሰጥቻለሁ። እስከ ፋሲካ ከመጣችሁ ዋርካው ሥር ያለውን ጠረጴዛ ያዙ፣ ነፋሱ እዚያ አይደርስም። አንድ ቀጭን ልጅ ይታዘዛችኋል። ሎሚ ከረሳ በእጃችሁ ጥሩት፣ ያያችኋል፤ ጋሼ ግን እንዳይሰማ።