ከሰኔ በፊት ምን ይገዛ፣ ምን ይቆይ፦ የጎጃም ቤተሰብ የክረምት ዝግጅት በአነስተኛ ገንዘብ

በጎጃም ዝናቡ በሰኔ ጠንክሮ ይገባና ሐምሌንና ነሐሴን ሳያባራ ቆይቶ እስከ መስከረም ይዘልቃል። በእነዚህ ወራት ብርዱ ከቦታ ቦታ እጅግ ይለያያል፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ባሕር ዳርና ከ2,400 ሜትር በላይ የተቀመጠችው ደብረ ማርቆስ አንድ ዓይነት ሌሊት አያሳልፉም፤ ከፍታው 4,000 ሜትርን በሚያልፈው በጮቄ ተራራ ወገብ ላይ የሚኖረው ገበሬ ደግሞ ከሁለቱም የከበደ ብርድ ይችላል። እርጥበቱ ግን ደጋውንም ወይና ደጋውንም እኩል ይደርሰዋል። ማገዶውን የሚያጨሰው፣ እህሉን የሚያሻግተው፣ የጭቃውን ግድግዳ ከሥሩ የሚበላው፣ ልብስን ሳይደርቅ የሚያሳድረው እርሱ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያደርቀውን፣ ቀጥሎ የሚያሞቀውን ቢገዛ ይጠቀማል የሚል አቋም አለኝ። ከዚህ በታች ያሉት ንጽጽሮች በሙሉ የሚመዘኑት በዚሁ ነው። ዋጋ ከገበያ ገበያ፣ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ አንዱን ዕቃ ከሌላው ጋር የማስተያየው በሚሰጠው አገልግሎትና በሚቆይበት ዘመን ነው።

ጣራና ግድግዳ

የሚያፈስ ጣራ ያለው ሰው በገበያ ሦስት ምርጫዎች ይቀርቡለታል፤ ላስቲክ ማልበስ፣ የተበሳውን መድፈን ወይም አዲስ ቆርቆሮ መግዛት። ላስቲክ በዋጋው ቀላል ቢሆንም ከጣራ በላይ ሲዘረጋ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ነፋስ ይቀድደዋል፤ ከአንድ ክረምት በላይ እንዲያገለግል መጠበቅ አይገባም። በዚያው ዋጋ የማገዶ ክምርን ቢሸፍኑበት የበለጠ ይጠቅማል።

መድፈን ብዙ ጊዜ ከሚታሰበው በላይ ያዋጣል፤ ምክንያቱም የሚያፈስ ጣራ ሁሉ ቆርቆሮው አርጅቷል ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ውሃው የሚገባው በምስማሩ ሥር ያለው ጎማ ደርቆ ሲሰነጠቅ ነው። በቀትር በርና መስኮት ዘግቶ ከውስጥ ወደ ላይ የተመለከተ ሰው ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ አንድ በአንድ ለይቶ በከሰል ምልክት ሊያደርግበት ይችላል። የላላውን ምስማር ነቅሎ አዲስ የቆርቆሮ ምስማር ከነጎማው መምታትና የቀረውን ትንንሽ ቀዳዳ በሬንጅ መድፈን የአንድ አዲስ ቆርቆሮ ዋጋ እንኳ ላይፈጅ ይችላል። ምስማሩ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ሳይሆን በቆርቆሮው ጉብታ ላይ መመታት እንዳለበት ግን አናጢውን አስቀድሞ ማሳሰብ ይገባል።

ዝገቱ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ መድፈን ገንዘብ ማባከን ነው፤ መለወጥ ይሻላል። ቆርቆሮ ሲገዛ 28፣ 30፣ 32 እና 35 ጌጅ እየተባለ የሚጠራው ቁጥር በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ገዢ ትልቁ ቁጥር የተሻለ ዕቃ ይመስለዋል። በረዶ በሚበዛበት ደጋ 35 ጌጅ ለመኖሪያ ቤት አይመከርም፤ ለማገዶ ማስቀመጫና ለዶሮ ቤት ይበቃል። ሙሉውን ጣራ በስስ ቆርቆሮ ከመለወጥ ይልቅ በጣም የተጎዳውን ክፍል ብቻ ወፈር ባለው መለወጥና ሌላውን ለከርሞ ማቆየት ይመረጣል።

የሣር ክዳን ያለው ቤተሰብ በዚህ ዓመት ወደ ቆርቆሮ ለመለወጥ መቸኮል የለበትም። በደንብ የተከደነ ሣር ከቆርቆሮ ይልቅ ሙቀት ይይዛል፣ የዝናቡንም ድምፅ ያበርዳል። ችግሩ ሣሩ የሚታጨደው በጥቅምትና በኅዳር በመሆኑ በግንቦት የሚፈልገው ሰው ተወዶበት ማግኘቱ ነው፤ ስለዚህ የሳሳውን ቦታ ብቻ ማስጠገን ይበቃዋል።

ከሁሉም የረከሰው ሥራ መሬት ላይ ያለው ነው። በቤቱ ዙሪያ ውሃውን ወደ ቁልቁለቱ የሚመራ ቦይ ለመቆፈር ከዶማና ከግማሽ ቀን ጉልበት በቀር ምንም አይጠይቅም፤ ሆኖም ከየትኛውም ውድ ዕቃ በላይ የግድግዳውን ሥር ያድናል። የጭቃና የጭድ ምርጊት ለመድረቅ ፀሐይ ስለሚሻ ከግንቦት ማለፍ የለበትም። ገንዘብ ከተረፈ አሸንዳ መግዛት መልካም ነው፤ ምንጩና ወንዙ በሚደፈርስበት ወር ንጹሕ የጣራ ውሃ በበርሜል ያስገኛል፣ ግድግዳውንም ከፍንጣቂ ይጠብቃል።

ማገዶና ምድጃ

የክረምት ወጪ ተጠንቶ የሚድነው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚከስረው ማገዶ በመግዛቱ ሳይሆን ውሃ በመግዛቱ ነው። ትኩስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ የሚደርሰው ውሃ ነው፤ እሳቱ እንጀራውን ከመጋገሩ በፊት ያንን ውሃ ማትነን አለበት፤ ጭሱም የጋጋሪዋን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። በሐምሌ በውድ የሚገዛ አንድ ሸክም እርጥብ እንጨት በየካቲት ወይም በመጋቢት በርካሽ ተገዝቶ ከደረቀው ግማሽ ያህል ሸክም የተሻለ ሙቀት አይሰጥም። ደረቁ እንጨት ጫፉ ላይ ተሰነጣጥቆ ይታያል፣ ልጣጩ በቀላሉ ይላቀቃል፣ ሁለት ፍልጥ ሲጋጭም ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ፍልጥ ከድብልብሉ ግንድ ይልቅ በፍጥነት ስለሚደርቅ የመፍለጫው ዋጋ ቢጨመርበትም ይመረጣል። ሲከመር ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ወይም በአግዳሚ እንጨት ላይ ይቀመጥ፤ ላስቲኩ ከላይ ብቻ ይሁን፤ ጎኑ ከተሸፈነ ነፋስ ስለማያገኘው ይሻግታል።

ከሰል በኪሎ ሲታሰብ የደረቅ እንጨትን እጥፍ የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል፤ ጭስ የለውም፤ ጠባብ ቤት ለተከራየ የከተማ ሰውም ይመቻል። ይሁንና ለአንድ ኪሎ ከሰል ብዙ ኪሎ እንጨት ስለሚቃጠል የደን ዋጋው ከባድ ነው። በዚህ ረገድ ለጎጃም ገዢ የቀረበ መልካም ምርጫ አለ፤ በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ገበሬዎች በማሳቸው ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዓይነት ተክለው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቆርጠው ያከስላሉ፣ ቦታውንም መልሰው ይተክሉታል። የተፈጥሮ ደን ተጨፍጭፎ ከመጣው ይልቅ ይህንን ጠይቆ መግዛት ይገባል እላለሁ፤ ለነገ የሚበጀንም እርሱ ነው። ገዢው ከረጢቱ አፍ ላይ በተደረደረው ትልልቅ ከሰል ሳይታለል እስከ ሥሩ መፈተሽ አለበት፤ ቡናማ መልክ ያለው በሚገባ ያልከሰለ እንጨት ነውና ያጨሳል፤ ከሥር የሚገኘው ብናኝም እንደ ከሰል መመዘን የለበትም።

ስለ ከሰል ሲነሳ ስለ ዋጋ ብቻ ተናግሮ ማለፍ አይቻልም። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ያመነጫል፤ ብርድ በጸናበት ሌሊት ምድጃውን ወደ መኝታ አስገብቶ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ለመኝታ ሙቀት ከሰል ርካሹ መንገድ ቢመስልም በምንም ሁኔታ አይመረጥም። ለዚያ ሌላ ብርድ ልብስ ይገዛ።

ኩበት ከብት ላለው ሰው ያለ ወጪ የሚገኝ፣ ረጋ ብሎ የሚነድ ማገዶ ነው፤ ግን ከሰኔ በፊት ካልደረቀ አይነድም። ለሚገዛው ሰው አያዋጣም ባይ ነኝ፤ ለጓሮው ድንችና በቆሎ የሚሆነው ፍግ ያለ አግባብ ይቃጠላልና።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ገደማ ስለሚስብ አንድ ሰዓት ሲጋገርበት ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። ታሪፉ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር ወደ ከፍተኛው እርከን ስለሚሸጋገር ጭማሪው ቀስ በቀስ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ይሰማል። ያም ሆኖ መብራት ላለው ቤት በክረምት ለመጋገር ከእርጥብ እንጨት ይሻላል፤ መብራት ስለሚጠፋ ግን ጥቂት ደረቅ ፍልጥ በመጠባበቂያነት መያዝ ግዴታ ነው። ምጣዱ ለመጋል የሚፈጀውን ለመቆጠብ ብዙ እንጀራ በአንድ ጊዜ መጋገር ቢያዋጣም በእርጥበቱ እንጀራው ቶሎ ስለሚሻግት ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን የሚበልጥ ባይጋገር ይሻላል።

አሁን ወደ ምድጃው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ለእንጀራ የሚሆነውን ማገዶ እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል፤ ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃም ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ይልቅ አንድ አራተኛ ያህል ከሰል ያተርፋል። ከጣራው ቀጥሎ ለአንድ ነገር ብቻ ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ምርጥ ምድጃን ይግዛ ብዬ ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ወጪውን በማገዶ ቁጠባ የሚመልስ ዕቃ በዚህ ዝርዝር ውስጥ እርሱ ነው። ሲገዛ ስንጥቅ እንደሌለበትና ከራስ ምጣድ ስፋት ጋር እንደሚስማማ ይታይ፤ ከተተከለ በኋላ ማንቀሳቀስ ስለሚሰብረው ቦታው አስቀድሞ ይወሰን።

እህልና አስቤዛ

እህል ከአዝመራ በኋላ በታኅሣሥና በጥር ይረክሳል፣ በሐምሌና በነሐሴ ይወደዳል። አስቀድሞ መግዛት የሚያዋጣው ግን እህሉ ሳይበላሽ ከቆየ ብቻ ነው። ጤፍን ነቀዝ ስለማይደፍረው የምሥራቅ ጎጃም ጤፍ በተራ ማዳበሪያ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ይበቃዋል፤ ለእርሱ ውድ ከረጢት መግዛት አያስፈልግም። የቡሬና የአካባቢው በቆሎ፣ እንዲሁም ባቄላ ግን ለነቀዝ የተጋለጡ ናቸው።

ለነዚህ ሦስት ንጣፍ ያለውና ፒክስ የሚባለው አየር የማያስገባ ከረጢት ከተራው ማዳበሪያ በብዙ እጥፍ ቢወደድም ያለ መድኃኒት ነቀዙን አየር በማሳጣት ይገድለዋል፤ አይጥ ካልበሳው ከአንድ ዓመት በላይም ያገለግላል። እያንዳንዱ ንጣፍ ለብቻው መታሰር አለበት፤ በየቀኑ የሚከፈት ከረጢት ጥቅሙን ስለሚያጣ ለዕለት የሚሆነው በሌላ ዕቃ ይለይ። እህሉ ከመግባቱ በፊት መድረቁን ለማወቅ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው ጨምሮ መነቅነቅና ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ነው፤ ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ከተጣበቀ እህሉ ገና ፀሐይ ይሻል።

በጭቃና በእበት የተሠራው ጎታ ላለው ሰው አዲስ ነገር መግዛት የግድ አይደለም፤ በግንቦት ስንጥቁ ተደፍኖና ተለቅልቆ፣ ሥሩ በድንጋይ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ደረቅ እህል ይይዛል። ነቀዙን ግን እንደ ፒክስ አይገታም። በየሱቁ የሚሸጠው የነቀዝ እንክብል በዋጋው ከሁሉ የረከሰ ይመስላል፤ ሆኖም ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ሰው የሚገድል ጋዝ ያወጣል። ሰው በሚያድርበት ቤት እህል ለሚያስቀምጥ ቤተሰብ ፈጽሞ አይሆንም።

በርበሬና ሽሮ በግንቦት ፀሐይ ደርቀው ተፈጭተው ይግቡ። በክረምት የተፈጨውን የሚገዛ ሰው እርጥበቱንም አብሮ ይገዛል።

ልብስ፣ ጫማና መብራት

ጋቢ አራት ድርብ ጥጥ ነው፤ ደረቅ ሲሆን የሚወዳደረው የለም፣ ሲረጥብ ግን ይከብዳል፣ ለመድረቅም በሐምሌ ቀናት ይፈጅበታል። ከሱፍ የተሠራ ባና ጥቂት ቢረጥብም ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ የፋብሪካው ሰው ሠራሽ ብርድ ልብስ ደግሞ ፈጥኖ ይደርቃል፣ በዋጋውም ይቀላል። ስለዚህ ለአንድ ሰው ሁለት ጋቢ ከመግዛት አንድ ጋቢና አንድ ብርድ ልብስ ይሻላል፤ ለደጋ ሰው ባና ዋጋው ቢከብድም ብዙ ዓመት ስለሚያገለግል ያዋጣዋል። ለሕፃናት የሚለወጥ ደረቅ ልብስ ከወፍራም ልብስ ይቀድማል።

ለዋልካ ጭቃ ረጅሙ የጎማ ቦቲ እግርን ያደርቃል፤ በእርሻ ለሚውል ሰው ተመራጭ ነው። የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ ረክሶ ቢገኝም ውሃ ያስገባል፤ ጥቅሙ ታጥቦ ቶሎ መድረቁ ነው። ዣንጥላ ለከተማ ይበቃል፤ እረኛና አራሽ ግን ሁለት እጃቸው ነጻ መሆን ስላለበት ከሣር የሚሠራው ገሳ ወይም የላስቲክ ካፖርት ይሻላቸዋል።

ለመብራት ሻማና ኩራዝ በየዕለቱ ገንዘብ ይወስዳሉ፣ ኩራዙም ያጨሳል፤ የፀሐይ ፋኖስ መነሻ ዋጋው ቢበልጥም ከዚያ በኋላ ወጪ የለውም። ነገር ግን በሐምሌ ደመና በደንብ ስለማይሞላ በሻጩ ፊት ለጥቂት ደቂቃ ሳይሆን ወደ ቤት ተወስዶ በአንድ ደመናማ ቀን ሞልቶ ስንት ሰዓት እንደሚያበራ ይፈተሽ፤ ይህንን ለመፍቀድና ካልሠራ ለመመለስ ከሚስማማ ሱቅ ብቻ ይገዛ።