የሽንት ማምለጥ ቀዶ ሕክምና፦ ለየትኛዋ ሴት የትኛው?

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የምትቆመው በሩ አጠገብ ነው፤ ሳል ሲመጣባት ቶሎ ለመውጣት። «በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ምን ቀዶ ሕክምና» ትለኝ ነበር። ዕድሜ ብቻውን አይከለክልም፤ ምርጫውን የሚለውጠው ከዕድሜው ጋር አብሮ የመጣው ሕመም ነው።

በሳልና በሳቅ ለሚያመልጥ ሽንት በብዛት የሚሠራው፣ በሽንት ቧንቧ ሥር ቀጭን የመረብ ጥብጣብ ማስቀመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የ597 ሴቶች ጥናት፣ ከ1 ዓመት በኋላ ጥብጣቡ ከብልት አጥንት ጀርባ ካለፈላቸው 80.8 በመቶው፣ በጭን በኩል ካለፈላቸው 77.7 በመቶው በምርመራ ተሳክቶላቸዋል። ልዩነቱ ጉዳቱ ላይ ነው። ከአጥንቱ ጀርባ ሲያልፍ 2.7 በመቶዎቹ ሽንት አልወጣ ብሏቸው ዳግም ቀዶ ሕክምና አስፈልጓቸዋል፤ በጭን በኩል አንዲትም አላስፈለጋትም። በአንጻሩ የመደንዘዝና የመዛል ስሜት በጭን በኩል በዝቷል። ስለዚህ ፊኛዋ ሽንቱን አሟጦ ለማያስወጣ አዛውንት የጭኑን፣ እግሯን ቀድሞም ለሚያማት የአጥንቱን መንገድ አስቀድሜ አስባለሁ።

መረብ ለማትፈልግ ሴት ከራሷ ሰውነት የተወሰደ ጅማት መሰል ሽፋን መደገፊያ ይሆናል። ጠንካራ ነው፤ ግን ቁስሉ ሰፊ፣ ማገገሚያው ረጅም ነው። ልቧ ወይም ሳንባዋ ለደከመ አይመከርም እላለሁ።

ለእሷ የሚሻለው በሽንት ቧንቧ ዙሪያ የሚወጋው መሙያ ነው፤ በቦታ ማደንዘዣ ይሠራል። በፊንላንድ በተደረገ የ224 ሴቶች ጥናት ከ1 ዓመት በኋላ በጥብጣቡ 95፣ በመርፌው 60 በመቶ ረክተዋል። ለ45 ዓመት ጤነኛ ሴት ይህ ቁጥር ያንሳል፤ ደም ማቅጠኛ ለምትወስድ የ80 ዓመት እናት ግን ትልቅ እፎይታ ነው።

ስኳር ያለባት ሴት ከቀጠሮው በፊት ስኳሯን ታስተካክል፤ ቁስል እንዳያመረቅዝ። ክብደት መቀነስም ብቻውን ሽንት የሚያመልጥበትን ጊዜ ያሳንሳል።

ብዙ አረጋውያን ቅር የሚሰኙት ግን ሌላ ቦታ ነው፦ ሽንት ቤት ሳይደርሱ የሚያጣድፈውን ሽንት እነዚህ ቀዶ ሕክምናዎች ለማዳን አልተሠሩም። ሐኪሟ እናቴን ለ3 ቀን በደብተር እንድትመዘግብ አዘዛት፤ በሳል ሲያመልጥ አንድ ሰረዝ፣ በጥድፊያ ሲያመልጥ አንድ ክብ። ከ11ዱ 9ኙ ክብ ሆኑ። ቀዶ ሕክምናው ቀርቶ የፊኛ ልምምድና መድኃኒት ጀምራለች።